የጦርነት ዘመን የጃፓን ጎራዴ ስታገኙ፦ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ምዝገባ ወረቀት

ጃፓን ውስጥ አሮጌ ቤት ስትገዙ፣ የባለቤታችሁን አያቶች ቤት ስታጸዱ ወይም ቤት በማፍረስ ሥራ ላይ ሳላችሁ፣ ከጣሪያ ሥር ወይም ከቁምሳጥን ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሊወጣ ይችላል። ሲፈታ ጎራዴ ነው። ብዙ ጊዜም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ወታደሮች ይታጠቁት የነበረው፣ ጉንቶ የሚባለው ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው መጀመሪያ ዝገቱን ይፈገፍጋል። ቀጥሎ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ፎቶ እየላከ ዋጋ ያጠያይቃል። ፖሊስ ጋ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው፤ ፖሊስ መጀመሪያ፣ ምርመራ ቀጥሎ፣ ጽዳትና ዋጋ በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ሥራው ከባድ አይደለም።

## ከመነሻው ሁለት ነገር ያዙ

አንደኛ፣ ያልተመዘገበ ጎራዴ መያዝ በጃፓን ወንጀል ነው። የ1958ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጦር መሣሪያና የስለት ቁጥጥር ሕግ፣ የስለቱ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነን ጎራዴ ሁሉ ይመለከታል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 የን ነው። ለውጭ ዜጋ ደግሞ የወንጀል መዝገብ ቪዛ ላይ የሚያመጣው ጣጣ አለ። አይዟችሁ ግን፤ ሕጉ ራሱ ጎራዴ አግኝቶ ለሚያሳውቅ ሰው መንገድ አበጅቷል። የሚያስጠይቀው አግኝቶ ዝም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ምዝገባው የሚጠይቀው ብረቱ እንዴት እንደተሠራ ነው። ማን ታጠቀው፣ የት ተዋጋበት፣ ለቤተሰቡ ምን ያህል ውድ ነው የሚለው በምርመራው ጠረጴዛ ላይ ዋጋ የለውም። የሚመዘገበው የጥበብ ዋጋ ያለው የጃፓን ጎራዴ ነው። በተግባር ሲታይ አንጥረኛ እያጠፈ የቀጠቀጠው፣ ስለቱም በሸክላ ተለብጦ፣ ግሎ ውሃ ውስጥ በመጥለቅ የጠነከረ ማለት ነው። በፋብሪካ የተመረተ፣ ዘይት ውስጥ የተጠለቀ ወይም በማሽን የተቆረጠ አይመዘገብም።

የጉንቶ ችግር እዚህ ላይ ነው። ውጪው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ይለያያል። አንዱ መኮንን የፋብሪካ ጎራዴ ገዝቶ ታጥቋል። ሌላው የአያቶቹን የ300 ዓመት ጎራዴ የወታደር አፎት ውስጥ ከትቶ ዘምቷል። ስለዚህ አፎቱን ብቻ አይታችሁ "ይሄማ የፋብሪካ ነው" ብላችሁ አትጣሉ፤ "ይሄማ የሳሙራይ ነው" ብላችሁም አትጎምጁ።

## ደረጃ 1፦ ባለበት ተዉት፤ ወረቀት ፈልጉ

ጎራዴውን አትምዘዙ። ካገኛችሁበት ቤት አታውጡ። በስልካችሁ ጎራዴውንና የተገኘበትን ቦታ አንሱ፤ ፖሊስ "የት፣ መቼ፣ እንዴት አገኛችሁት?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚያ ቤቱን ለወረቀት ፈትሹ። ምናልባት ጎራዴው ቀድሞ የተመዘገበ ይሆናል። ወረቀቱ ቶሮኩሾ ይባላል፤ የሰጠው የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ ስምና ቀይ ማህተም አለው። አፎቱ ላይ ታስሮ፣ በጎራዴው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ፣ በቤቱ የጸሎት መሠዊያ መሳቢያ ወይም በልብስ ሣጥን ሥር ልታገኙት ትችላላችሁ። አደራ፣ የቤቱን አሮጌ ወረቀቶች ለቆሻሻ መኪና ከመስጠታችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩ። በዚህ ጥድፊያ ብዙ የምዝገባ ወረቀት ጠፍቷል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት በጃፓን አቆጣጠር ነው። ሾዋ ከሆነ 1925 ደምሩበት፤ ሾዋ 26 ማለት 1951 ነው። ሄይሴይ ከሆነ 1988፣ ሬይዋ ከሆነ 2018 ደምሩ። ሾዋ 26 የሚል ካገኛችሁ አትጠራጠሩ፤ ምዝገባው ሲጀመር ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ወረቀቱ ከተገኘ፦ ወረቀቱ የዚሁ ጎራዴ መሆኑን አረጋግጡ። ርዝመቱ፣ ጉብጠቱ፣ የችንካር ቀዳዳው ብዛትና የተቀረጸው ስም እዚያ ላይ ተጽፈዋል፤ ለማስተያየት መምዘዝ ካለባችሁ አመዛዘዙን መጀመሪያ ደረጃ 5 ላይ አንብቡ። ከገጠመ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

ወረቀቱ ካልተገኘ፦ ቤተሰቡ "ተመዝግቧል፣ በናጋኖ ነው" ካለ ለዚያ ክፍለ ግዛት የትምህርት ቦርድ ደውሉ። መዝገቡ ላይ ካለ የጠፋውን በ3,500 የን እንደገና ማውጣት ይቻላል። ጎራዴውን ከመዝገቡ ጋር ለማስተያየት አቅርቡ ሊሏችሁ ይችላሉ። የት እንደተመዘገበ ማንም የማያውቅ ከሆነ ግን እንደ አዲስ ግኝት ቁጠሩትና ቀጥሉ።

ምናልባት ጌጥ ከሆነስ? ለልምምድና ለጌጥ የሚሠሩ አስመሳይ ጎራዴዎች አብዛኞቹ ከዚንክ ቅይጥ ናቸው፤ ማግኔት አይዛቸውም። አፎቱን ሳታወልቁ በስለቱና በእጀታው መጋጠሚያ ላይ መሞከር ስለማይመች፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ለፖሊሱ ንገሩት። እነሱ ያረጋግጣሉ።

## ደረጃ 2፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለዩ

ይሄን ነጥብ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ቤት ስታፈርሱ ያገኛችሁት ጎራዴ የእናንተ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ነው። ሥራ አቁሙ፣ ለአለቃችሁ ንገሩ፣ እሱ ለባለቤቱ ይደውል። "እኔ እወስደዋለሁ" ያለ ሠራተኛ ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዝ ላይ የሌላ ሰው ንብረት መውሰድ ጨመረበት ማለት ነው።

የገዛችሁት ቤት ከሆነ ውሉን አውጡ። የቤቱ ዕቃ ከነቤቱ ተላልፎላችሁ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ ፈልጉ። ከሌለ ሻጩን አነጋግሩ። በውርስ የመጣ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ማን ስም እንዲመዘገብ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይስማሙ። ስሙ በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ ጠቡ ግን አይመለስም።

## ደረጃ 3፦ ለፖሊስ ደውሉ

110 ላይ አትደውሉ፤ እሱ ለአደጋ ነው። ጎራዴው የተገኘበት አካባቢ ያለውን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ፈልጋችሁ በቀጥታ ደውሉ። የምትፈልጉት ክፍል ሴይካትሱ አንዘንካ ይባላል። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ከጠፋባችሁ #9110 የፖሊስ የምክር መስመር ነው።

ጃፓንኛችሁ ደከም ያለ ከሆነ እንዲህ በሉ፦ "ካታና ጋ ዴቴ ኪማሺታ። ሃኬን ቶዶኬ ዎ ሺታይ ዴሱ።" ጎራዴ ተገኝቷል፣ ማሳወቅ እፈልጋለሁ ማለት ነው።

አራት ነገር ጠይቁ፦

1. ይዤ ልምጣ ወይስ እናንተ ትመጣላችሁ?
2. በየትኛው ቀንና ሰዓት?
3. ምን ሰነድ ላምጣ? መታወቂያ የግድ ነው፤ ማህተምና ውል የሚጠይቁም አሉ።
4. የሚያነጋግረኝ ሰው ማን ይባላል?

ስሙንና ሰዓቱን ጻፉ። መንገድ ላይ ሌላ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ የምትናገሩት ይሄን ነው። ሳይደውሉ ጎራዴ ይዞ ጣቢያ በር ላይ መቆም በፍጹም አይሁን።

ጎራዴው ከምትኖሩበት ሌላ ክፍለ ግዛት ከተገኘስ? ማሳወቂያው በተገኘበት ቦታ ፖሊስ ነው። ምዝገባው ግን በባለቤቱ መኖሪያ ክፍለ ግዛት ነው። ወደ የትኛው ቢሮ እንደምትሄዱ ፖሊሱን ጠይቁት፤ ይነግራችኋል።

## ደረጃ 4፦ አሽጋችሁ ውሰዱ

"ይዛችሁ ኑ" ካሏችሁ ጎራዴውን በአፎቱ እንዳለ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። ጨርቁን በገመድ ብዙ ቦታ እሰሩት። በአንድ እጅ ተስቦ ሊወጣ የማይችል መሆን አለበት። መኪና ውስጥ ከሆነ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ ሂዱ፤ መንገድ ላይ ሱቅም ቡና ቤትም አትግቡ። ባቡር ካማራጭ ውጪ አድርጉት። በፖስታ ወይም በዕቃ አመላላሽ አትላኩ።

አፎት የሌለው ከሆነ ስለቱን በወፍራም ካርቶን ሸፍኑና በፕላስተር እሰሩ፤ ከዚያ ጨርቁን ደርቡ።

ጣቢያው ውስጥ ፎርም ትሞላላችሁ፤ ፖሊሱ ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል። ችግር ከሌለ ሃኬን ቶዶኬዴዙሚሾ የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል። "ማግኘቱን አሳውቋል" የሚል ማስረጃ ነው። ጎራዴው አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ጋር ለእናንተ ይመለሳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወረቀቱና ጎራዴው አይለያዩ።

ፖሊሱ "እዚሁ ትታችሁት ሂዱ፣ ይወገድ" ቢልስ? ጉንቶ ሲያዩ እንዲህ የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹ የማይመዘገቡ ስለሆኑ ነው። የማስወገጃ ስምምነት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አስቡ። ጎራዴው ምርመራ እንዲደርሰው ከፈለጋችሁ በትህትና "ሺንሳ ዎ ኡኬታይ ዴሱ" በሉ፤ ምርመራ እንዲደረግለት እፈልጋለሁ ነው። ያልገባችሁን ጃፓንኛ ወረቀት አትፈርሙ። አንዴ ለማስወገድ ከተፈረመ መመለሻ የለውም።

## ደረጃ 5፦ ለምርመራ ተዘጋጁ

ከማሳወቂያው በኋላ ለምዝገባ ማመልከቻ ያላችሁ ጊዜ በደንቡ 20 ቀን ነው። የምርመራው ቀን ግን ቢሮው የወሰነው ነው። በወር አንዴ የሚያካሂዱ ክፍለ ግዛቶች አሉ፣ ከዚያ አራርቀው የሚያደርጉም አሉ። ስለዚህ ወረቀቱን በተቀበላችሁ ማግስት ለትምህርት ቦርዱ የቅርስ ክፍል ደውሉና ቀጠሮ ያዙ። የትምህርት ቦርድ ክዮኢኩ ኢንካይ ይባላል። ቀጠሮው ከ20 ቀን በላይ ቢርቅ መደወላችሁና ቀጠሮ መያዛችሁ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ስለዚህ አትዘግዩ።

### ምን አትነኩም

አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። ከእጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ናካጎ ይባላል። እዚያ ላይ ያለው ጥቁር ቡናማ ዝገት የጎራዴው የልደት ወረቀት ነው። መርማሪው ዕድሜውን የሚያነበው ከቀለሙ፣ ከሞረድ መስመሩና ከተቀረጸው ስም ነው። በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁት የ400 ዓመቱ ጎራዴ የትናንት ብረት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

ስለቱንም አትፈግፍጉ። የብረት ሱፍ፣ የዝገት ማስለቀቂያ፣ የወጥ ቤት ቢላ መሳያ ድንጋይ፣ የኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ አንዱንም አታስጠጉ። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ላብ በቀናት ውስጥ አዲስ ዝገት ያወጣል። ትንፋሽም እንዲሁ፤ እያያችሁት አታውሩበት።

### መምዘዝ

መዝዛችሁ ማየት ካለባችሁ ስለቱ ወደ ላይ እንዲሆን ያዙ። አፎቱን የያዘው እጅ ጣቶች በስለቱ በኩል እንዳይሆኑ። የድሮ የእንጨት አፎት ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ጎራዴው አፎቱን ቆርጦ ጣት ላይ ይመጣል። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ጉንቶ እምቢ ካለ ኃይል ከመጠቀማችሁ በፊት እጀታው አጠገብ ያለችውን ትንሽ የብረት ቁልፍ ፈልጉ። እሷን ካልተጫኑ የማይመዘዝ ብዙ ነው። ተጭናችሁም ካልወጣ ዝገት ይዞታል። ሁለት ሰው ሆናችሁ አትሳቡ፤ ዘይትም አታፍስሱ። እንዳለ ለቢሮው ንገሩ ወይም የጎራዴ ሱቅ ውሰዱት፤ ወረቀቱን ይዛችሁ።

### እጀታውን ማውለቅ

መርማሪዎቹ ናካጎውን ማየት አለባቸው። ስለዚህ እጀታው የሚወልቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ። እጀታው ላይ ሜኩጊ የምትባል የቀርከሃ ችንካር አለች። አንዷ ጫፍ ቀጭን ነች፤ በቀጭኑ በኩል በእንጨት ቁራጭ ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ በሌላው ወገን ትወጣለች። ከዚያ እጀታውን ስባችሁ አውልቁ።

ጉንቶ ብዙ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉት። ብዙ ጊዜ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተመትቷል። ሲወጡ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩና ፎቶ አንሱ። አንዷ ቦታ ከሳተች እጀታው መልሶ አይገጥምም።

ችንካሯ ካልወጣች ወይም እጀታው ከተጣበቀ ተዉት። በመዶሻ የተመታ ጉንቶ እጀታው ይሰነጠቃል። የጎራዴ ሱቆች ይሄን ሥራ ያውቁታል፤ ያላችሁን የማሳወቂያ ወረቀት አሳይታችሁ አሠሩ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ጎራዴ ፈትቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ጊዜ ለባለሙያ ቢተው ይሻላል።

### ተስፋ የሚሰጥና የማይሰጥ ምልክት

ውሳኔው የመርማሪዎቹ ነው። ግን ራሳችሁን ለማዘጋጀት እነዚህን እዩ።

የማይመዘገብ የሚመስለው፦

* እጀታው ከአሉሚኒየም ወይም ከመዳብ ተጥሎ የጨርቅ ጥልፍ እንዲመስል የተደረገ፣ ቀለም የተቀባ፣ በችንካር ፋንታ ቡሎን ያለው፣ ስለቱም ሥር ላይ መለያ ቁጥር የተመታበት። ይሄ በ1935 ለበታች ሹማምንት የወጣው የፋብሪካ ጎራዴ ነው። ተስፋ አታድርጉ።
* ከማይዝግ ብረት የተሠራ የባሕር ኃይል ጎራዴ። ከ80 ዓመት በኋላም መስታወት ይመስላል፤ ግን አይመዘገብም።
* ናካጎው ላይ "ሾ" ወይም "ሴኪ" የሚል ትንሽ ማህተም ያለበት። በጦርነቱ ጊዜ በባህላዊ መንገድ ያልተሠሩ ጎራዴዎች ላይ ይመታ የነበረ ነው።
* በደቡብ ማንቹሪያ የባቡር ድርጅት ብረት የተሠራ። ሰብሳቢዎች ይወዱታል፤ ምርመራው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ይወድቃል።

ተስፋ ያለው፦

* ናካጎው ላይ የኮከብ ማህተም ያለበት። የጦር ሠራዊቱ በባህላዊ መንገድ እንዲሠሩ የመረጣቸው አንጥረኞች ሥራ ምልክት ነው።
* ከ1933 እስከ 1945 በቶኪዮ ያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ውስጥ የተሠራ። በኮቤ ሚናቶጋዋ መቅደስ ለባሕር ኃይል መኮንኖች የተሠራውም እንዲሁ።
* ናካጎው በጣም የጠቆረ፣ ሁለትና ሦስት የችንካር ቀዳዳ ያለው። በየዘመኑ እጀታ እየተቀየረለት የመጣ የድሮ ጎራዴ ሊሆን ይችላል።

ጎራዴው በቦምብ ቃጠሎ ውስጥ ያለፈ ከሆነ ስለቱ ላይ ያለው ነጭ ማዕበል መሳይ መስመር ይጠፋል። ሀሞን የሚሉት እሱን ነው። በባህላዊ መንገድ ቢሠራም እንኳ ይሄ ነገር ሊጥለው ይችላል።

## ደረጃ 6፦ የምርመራው ቀን

እነዚህን ያዙ፦

1. ጎራዴውን ከነሙሉ ዕቃው፣ ከላይ እንደተባለው ታስሮ
2. የፖሊሱን የማሳወቂያ ወረቀት
3. የማመልከቻ ፎርም
4. መታወቂያ
5. ለእያንዳንዱ ጎራዴ 6,300 የን። በጥሬ ይሁን በክፍለ ግዛቱ ቴምብር፣ ስትደውሉ ጠይቁ።

ባለቤቱ መምጣት ካልቻለ የውክልና ወረቀት ያስፈልጋል። ሁለት ጎራዴ ከሆነ ክፍያው ሁለት ነው፤ ወረቀቱም ለየብቻ።

መርማሪዎቹ ጎራዴውን ይለካሉ፣ ብረቱን በብርሃን ያያሉ፣ ናካጎውን ይመረምራሉ። ብዙ አትናገሩ። የሚጠይቋችሁን መልሱ። የአያትየውን የጦር ታሪክ መተረክ ውሳኔውን አይለውጠውም፤ ወረፋውን ብቻ ያረዝማል።

ካለፈ፦ አብዛኛውን ጊዜ ቶሮኩሾው በዚያው ቀን ይሰጣችኋል። ቢሮው ውስጥ እያላችሁ ርዝመቱን፣ የቀዳዳውን ቁጥርና የተቀረጸውን ስም ከጎራዴው ጋር አስተያዩ። ስህተት ካለ እዚያው ይታረም። በኋላ ሲታወቅ ጎራዴውን እንደገና ይዞ መመለስ ይመጣል። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፤ ወረቀቱ ላይ የታዋቂ አንጥረኛ ስም መጻፉ ጎራዴው የእሱ ነው ማለት አይደለም። የተቀረጸው እንዳለ ተገለበጠ ማለት ብቻ ነው። ትክክለኛነቱን ማስመርመር ለሚፈልግ፣ በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ቶኪዮ ሱሚዳ ውስጥ አለ። እዚያ ለመግባት ግን ምዝገባው መቅደም አለበት።

"ዝገቱ በዛ፣ ማየት አልቻልንም" ካሉ፦ አልወደቀም። ለጎራዴ መወልወል ሙያ ያለው ሰው ትንሽ ቦታ ብቻ እንዲከፍት ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ብረቱ እንዲታይ። ለቀጣዩ ምርመራ ቀጠሮ ይዛችሁ ውጡ። ይሄን ሥራ ራሳችሁ አትሞክሩት።

ከወደቀ፦ ጎራዴውን ይዛችሁ መቆየት አትችሉም። ቢሮው ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይመልሳችኋል። እዚህ ላይ ሰው የሚያጣው ሳይጠይቅ ስለሚሄድ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ስለቱን ነው። እጀታው፣ የእጅ መከላከያው፣ ቀለበቶቹ፣ አፎቱ፣ የማዕረግ ክሩ ከስለቱ ተነጥለው ከቤተሰቡ ጋር ሊቀሩ ይችላሉ። ፖሊሱን "ስለቱን ብቻ ላስረክብ፣ ሌላው ይመለስልኝ" በሉት። ናካጎውን ፎቶ አንሱ፣ የተቀረጸውን ስም በወረቀትና በእርሳስ ገልብጡት። የቤተሰብ አርማ ብዙ ጊዜ እጀታው ላይ ነው ያለው፤ እሱ አይጥፋ።

ታሪኩ ከባድ ሆኖ ስለቱም እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ ሌላ አንድ መንገድ አለ። የመንግሥት ወይም የአካባቢ አስተዳደር ሙዚየም ለሕዝብ እይታ ያልተመዘገበ ጎራዴ መያዝ ይችላል። ነገር ግን ከማስረከባችሁ በፊት ሙዚየሙ "እንቀበላለን" ማለት አለበት፤ ፖሊሱም ይሄን ማወቅ አለበት። ከምርመራው በፊት ጀምራችሁ ጠይቁ።

## ደረጃ 7፦ የባለቤት ለውጥ

ቶሮኩሾ የሚከተለው ጎራዴውን ነው። ስትገዙ፣ ስትወርሱ፣ ስጦታ ሲሰጣችሁ በ20 ቀን ውስጥ ወረቀቱን ለሰጠው ክፍለ ግዛት የትምህርት ቦርድ ማሳወቅ አለባችሁ። እናንተ ኦሳካ ብትኖሩና ወረቀቱ የሂሮሺማ ከሆነ የምትጽፉት ለሂሮሺማ ነው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ፎርሙ በፖስታ ይላካል፣ ክፍያ የለውም። የወረቀቱን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።

ያለ ወረቀት ጎራዴ አትሽጡ፣ አትግዙ። "ወረቀቱን በኋላ እልካለሁ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ኖሮም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ጎራዴ ይዞ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ለውልወላ፣ ለምርመራ ወይም ለሽያጭ ስትወስዱ ወረቀቱ አብሮ ይሂድ።

## ከውጭ አገር ይዛችሁ ስትገቡ

አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ ወገኖች የትዳር ጓደኛችሁ አያት ከጦርነቱ ይዘው የመጡት ጎራዴ ቤት ውስጥ ይኖር ይሆናል። ወደ ጃፓን ቤተሰብ መመለስ መልካም ሐሳብ ነው። ግን ያው ሕግ እዚያም ይጠብቃችኋል፤ የፋብሪካ ጉንቶ ከሆነ ተመልሶ አይገባም።

1. ከመነሳታችሁ በፊት እጀታውን በባለሙያ አስወልቃችሁ ናካጎውን በሁለት በኩል ፎቶ አንሱ። ማህተሞቹን ለጃፓን የጎራዴ ሱቅ አሳዩ። የ1935ቱ ዓይነት ወይም ማህተሙ "ሾ" ከሆነ ጉዞውን ተዉት።
2. እጀታው ላይ የታሰረ የእንጨት ወይም የጨርቅ መለያ ካለ አትፍቱት። ጃፓን በ1945 እጅ ስትሰጥ ጎራዴው ሲረከብ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የተጻፈበት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡን ማግኛው ብቸኛ ክር እሱ ነው።
3. አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሚጫን ሻንጣ ብቻ፣ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ።
4. ስትደርሱ ጉምሩክ ላይ በቀይ መስመር ሄዳችሁ አስታውቁ። ጎራዴው እዚያ ይቆያል። የምዝገባ ምርመራውን እስኪያልፍ እጃችሁ አይገባም።
5. ካለፈ ቶሮኩሾ ወጥቶ ይለቀቃል። ካላለፈ ወደመጣበት ይመለሳል ወይም ይወገዳል። የመመለሻውን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡ።

በተቃራኒው ከኢትዮጵያ ለጃፓን ወዳጅ ጎራዴ ወይም ሾተል በስጦታ ለመውሰድ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ምዝገባው ለጃፓን ጎራዴ ብቻ ነው። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በአንድ የስፔን ጎራዴ ጉዳይ ይሄን አጽንቷል። በሁለት በኩል የተሳለ ጩቤም ከ5.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ የአፋር ጊሌም አይፈቀድም። ከአባት የወረሳችሁት ቢሆን ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

## ከጃፓን ይዛችሁ ስትወጡ

የተመዘገበ ጎራዴ ብቻ ነው የሚወጣው። ቀድሞ የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ጋ ማመልከት አለባችሁ፤ ቡንካቾ ይባላል። ጎራዴው የብሔራዊ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጣል። የቶሮኩሾ ቅጂ፣ የሙሉ ጎራዴውና የናካጎው ፎቶ ያስፈልጋል። ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈጅ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩ። የምትገቡበትን አገር ጉምሩክም በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ጎራዴው ከወጣ በኋላ ዋናውን ቶሮኩሾ ለሰጠው የትምህርት ቦርድ መመለስ ግዴታ ነው፤ ቅጂውን ከጎራዴው ጋር አስቀምጡ።